የወደቀው ድንጋይና ተመልካቹ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለን አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የእኅቴን ልጆች ሰብስቤ፣ እንግሊዞች በ1957 ዓመተ ምሕረት የሠሩትን «ኳተርማስ 2» የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ባሳየኋቸው ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሰማይ ወረደ የተባለው ድንጋይ ገና ብቅ እንዳለ ሣቃቸው ቤቱን ሞላው። ትልቁ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የተሰበረ ጀበና ነው» አለኝ፤ ታናሹ ደግሞ ከየትኛው ሱቅ እንደ ተገዛ ይጠይቀኝ ጀመር። ልጆች ናቸውና አልተቆጣኋቸውም። ነገር ግን ይህንኑ ሣቅ በዕድሜም በትምህርትም ከበሰሉ፣ የፊልም ዐዋቂዎች ነን ከሚሉ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራን ትዕይንት በዕቃው ርካሽነት ብቻ መዝኖ መጣል ከፍርድ መሸሽ መሆኑን፣ ያ ድንጋይ በወደቀበት አገርና ዘመን የነበሩት ተመልካቾች እንዴት እንደ ተቀበሉት በመተረክ ለማስረዳት እወዳለሁ።

የነገሩ ጥንት በ1953 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጁን ወር የንግሥት ኤልሳቤጥ ሥርዓተ ንግሥ በቴሌቪዥን በመታየቱ ምክንያት ብዙ እንግሊዛዊ ቤተ ሰብ የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን መሣሪያ ገዝቶ በሳሎኑ አስቀምጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጁላይና በኦገስት ወራት ቢቢሲ፣ በማን ደሴት ያደጉት የሠላሳ አንድ ዓመቱ ጎልማሳ ደራሲ ናይጅል ኒል የጻፉትን፣ በቪየና ተወልደው በናዚዎች ዘመን ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የተሰደዱት ሩዶልፍ ካርቲየር ያዘጋጁትን፣ «የኳተርማስ ሙከራ» የሚባል ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ ድራማ በቀጥታ ስርጭት አቀረበ። ስድስቱ ክፍሎች በጠቅላላው የፈጁት ገንዘብ 4,000 ፓውንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ወደ ጠፈር ከተላኩት ሦስት ሰዎች አንዱ ብቻ ተመልሶ፣ ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ እንግዳ ተክል እየተለወጠ ሄዶ፣ በመጨረሻው ክፍል በታላቁ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግዙፍ ፍጡር ሆኖ ሲታይ፣ ያንን ፍጡር ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ፣ ደራሲው ራሳቸው ቅጠላ ቅጠልና ቁራጭ ቆዳ የተለጠፈበት ጓንት በሁለት እጆቻቸው አጥልቀው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጣዊ ገጽታ የሚያሳየውን ትልቅ ፎቶግራፍ በስተው፣ እጆቻቸውን በቀዳዳው አሾልከው ያወዛውዙ ነበር። ይህን ምሽት አምስት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በየቤቱ ተቀምጦ አይቶታል። ፍጡሩ የተሸነፈው በመድፍ አልነበረም፤ የድራማው ዋና ባለታሪክ ሳይንቲስቱ ፕሮፌሰር ኳተርማስ በውስጡ የቀረችውን የሦስቱን ሰዎች ኅሊና በቃል ለምነው፣ ራሱን አሳልፎ እንዲሰጥ አደረጉት። ያን የመሰለ መጨረሻ በጓንት ሊከናወን የቻለው፣ ጓንቱን ወደ ፍጡር የሚለውጠው ሥራ በአዘጋጁና በተመልካቹ መካከል ተከፍሎ ስለ ነበረ ነው፤ አዘጋጁ ቃሉን፣ ድምፁንና ጥላውን አቀረበ፣ የቀረውን ተመልካቹ ከራሱ ጨመረበት።

ተከታይ ሥራ ሁሉ፣ በልብ ወለድም ሆነ በመድረክ ወይም በፊልም፣ ከፊተኛው የሚከብድ ዕዳ ይዞ ይወለዳል፤ ተመልካቹ በመጀመሪያው ጊዜ ባዶ እጁን መጥቶ ያየውን በሁለተኛው ጊዜ መስፈሪያ ይዞ ይመጣበታልና። ፊልሙ በኋላ የተቀዳበት «ኳተርማስ 2» በቴሌቪዥን መቅረብ የጀመረው በኦክቶበር 22 ቀን 1955 ቅዳሜ ማታ ሲሆን፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደረው የንግድ ቴሌቪዥን በእንግሊዝ አገር ተከፍቶ የቢቢሲ ብቸኝነት ካከተመ ልክ በወሩ ነበር። ፕሮፌሰሩን ሆነው ይጫወቱ የነበሩት ሬጂናልድ ቴት ስርጭቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው በድንገት ዐረፉ፤ በእርሳቸው ፈንታ በጥድፊያ የተተኩት ጆን ሮቢንሰን የሳይንስ ቃላት የበዙበትን ንግግር በቀጥታ ስርጭት ላይ ለማለት ይቸግራቸው እንደ ነበር ሥራውን የሚያውቁ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ የተሰጠውም በጀት፣ ከፊተኛው ዕጥፍ ሊሆን ጥቂት ቢቀረው፣ 7,552 ፓውንድ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለውድቀት የሚበቃ ምክንያት በሆነ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 7.9 ሚሊዮን፣ በአራተኛውና በአምስተኛው 8.3 ሚሊዮን፣ በመጨረሻው ምሽት 9 ሚሊዮን ሕዝብ ተመለከተው፤ ቢቢሲ ባደረገው የተመልካች ጥናትም ከተጠየቁት ሰዎች ዘጠና በመቶዎቹ ከስድስቱ ክፍሎች ቢያንስ አምስቱን አይተው ተገኙ። ቅዳሜ ያመለጠው በኋላ ሲደገም ይጠብቀው ነበር።

ታሪኩን ላላየ አንባቢ በአጭሩ ላውሳ። የጦር ሠራዊት የራዳር ጠባቂዎች በአንድ የገጠር አገር ላይ ከሰማይ የሚወርዱ ነገሮችን ይመዘግባሉ፤ ነገሮቹ ሲፈለጉ፣ እንደ ተራ የሰማይ ድንጋይ ቅርጽ የሌላቸው ሳይሆኑ፣ አየሩን ሰንጥቀው እንዲያልፉ ሆን ተብለው የተቀረጹ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ቅርፊቶች ሆነው ይገኛሉ፤ የቀረባቸው ሰው ቅርፊቱ ፈንድቶ በሚወጣው ጢስ ይመታና በቆዳው ላይ ምልክት ይቀርበታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈቃዱ የራሱ አይሆንም። ፕሮፌሰር ኳተርማስ ዊነርደን ፍላትስ ወደምትባለው መንደር ሲሄዱ መንደሪቱን ያጧታል፤ በቦታዋ፣ እርሳቸው በጨረቃ ላይ የሰው መኖሪያ ለመሥራት ከነደፉት ፕላን ጋር አንድ የሆነ፣ በጠመንጃ የሚጠበቅ ግዙፍ ፋብሪካ ቆሟል። ለሕዝቡም ለፓርላማውም የተነገረው ሰው ሠራሽ ምግብ እንደሚመረትበት ነው፤ በውስጡ የሚኖረው ግን የእኛ ትንፋሽ መርዙ የሆነ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው፤ በሩን የሚያስከፍቱትና የሚያዘጉት ሹማምንትም አስቀድሞ ምልክቱ ያረፈባቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሠራተኞቹ ነገር ነው። ከፋብሪካው አጠገብ በተሠራላቸው አዲስ ሰፈር የሚኖሩት እነዚህ ደጋግ ሰዎች፣ ደመወዛቸው መልካም፣ ቤታቸው ንጹሕ፣ ቅዳሜ ማታ የሚጨፍሩበት አዳራሽ የተሟላ ስለ ሆነ፣ በየግድግዳው የተለጠፈውን ምስጢር ጠብቁ የሚል ማስታወቂያ አክብረው፣ የሚጠይቃቸውን ሰው እንደ ክፉ እንግዳ ያዩታል፤ በእጃቸው የሠሩት ግንብ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ የማይፈልጉትም ክፉዎች ስለሆኑ ሳይሆን ልጆች ስላሏቸው ነው።

የመጻሕፍት ሊቃውንታችን አንዱን ኃይለ ቃል ከዘረጉ በኋላ «አንድም» እያሉ ምስጢሩን እንደሚያበዙት፣ በ1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ሰውም ይህን ድንጋይ ሲያይ፣ ቃሉን ባያውቀውም፣ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ይመስለኛል። አንድም፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ከሰማይ የወረደበት የጀርመን ሮኬት ነበር፤ ቪ 2 የተባለው ያ መሣሪያ በ1944ና በ1945 ዓ.ም. ከ1,000 በላይ ጊዜ በእንግሊዝ ምድር ላይ ሲያርፍ፣ ከድምፅ ፈጥኖ ይመጣ ስለ ነበረ፣ የሚወድቅበት ሰው ሲመጣ አይሰማውም ነበርና፣ ከዚያ ትውልድ መካከል ስለሚወድቅ ነገር ሲነገረው በቀልድ የሚሰማ ብዙ አይገኝም። አንድም፣ የምግብ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ከ1940 እስከ 1954 ዓ.ም. ለዐሥራ አራት ዓመታት ቅቤውንና ሥጋውን በራሽን ደብተር እየተሰፈረለት ኖሮ፣ ያ ካበቃ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነበርና፣ ምግብ ለማምረት ነው ተብሎ የተገነባን ፋብሪካ ማን ይቃወማል? ደራሲው ውሸቱን ከዚህ ይልቅ በሚታመን ልብስ ሊያለብሱት አይችሉም ነበር። አንድም፣ በየገጠሩ ሽቦ ታጥሮ፣ ዘበኛ ቆሞ፣ መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ የተተከለበት የመንግሥት ቅጥር ግቢ ነበር፤ ድራማውን ሲጽፉ በልቡናቸው የነበረው በአገሪቱ የበዛው ይህ ምስጢራዊ ጣቢያ እንደ ሆነ፣ የጦር መርዝ የሚመረመርበትን ፖርተን ዳውንን የመሳሰለ ስፍራ፣ ኒል ራሳቸው በኋላ ዘመን ተናግረዋል።

ሌላ «አንድም» አለ፤ በብዙ ሐያስያን ዘንድ የታወቀውም እርሱ ነው፤ በምልክቱ የተያዙት ሰዎች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በወገን መካከል ተሸሽገዋል ተብለው የሚፈሩት የባዕድ ሰላዮች ምሳሌ ናቸው የሚለው። ይህን ትርጓሜ ሐሰት ነው አልልም፣ ነገር ግን ጠባብ ነው። በድራማው ውስጥ የሚያስፈራው ሰው የአገሩን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በአገሩ ጨዋ አነጋገር እየተናገረ፣ የአገሩን ሕግ ጠቅሶ የሚከለክል ሰው ነው፤ የተመልካቹም ፍርሃት፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጠላት ከመፍራት ይልቅ፣ እኔን ሊጠብቅ የተሾመው ሰው ማንን እየጠበቀ ነው ከሚለው ጥያቄ የሚወለድ ነበር። ሕዝብ በጦርነቱ ዓመታት ለመንግሥቱ ዝም ማለትን እንደ ግዴታ ተምሮ ከኖረ በኋላ፣ ያ ዝምታ ከጦርነቱ ጋር አብሮ እንዳላለቀ ባዶ ድንጋይ መጥቶ ሲነግረው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለመስማት ተመልሶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ለሚሥቁት ሰዎች የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። «የዚያ ዘመን ሰው የዋህ ስለ ነበረ ጓንትና ቅርፊት አስፈራው» ይላሉ። ይህ አባባል እውነትነት የለውም። «የዓለማት ጦርነት» የተባለው የሆሊውድ ፊልም፣ በብዙ ገንዘብና በቀለም ተሠርቶ፣ በማስመሰል ጥበቡም የኦስካር ሽልማት አግኝቶ፣ የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነበርና፣ የእንግሊዝ ተመልካች ገንዘብ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ያውቅ ነበር። የሚያየውም አብዛኛው በሎንዶን ላይም ግሮቭ ከሚባለው ስቱዲዮ በዚያችው ሰዓት እየተሠራ የሚመጣ መሆኑን፣ ተዋናዩ ቃል ቢጠፋው ተመልሶ እንደማይቀረጽ፣ ግድግዳውም ከቀጭን እንጨት እንደ ተሠራ ያውቅ ነበር። እያወቀ ተስማማ። በተዋናዩና በተመልካቹ መካከል የሚደረግ ይህ ኪዳን ከማንኛውም የማስመሰያ መሣሪያ የሚበልጥ ኃይል አለው፤ ልጅ እንጨቱን ፈረስ ብሎ ሲጋልብ እንጨት መሆኑ እንደማይጠፋው ሁሉ፣ ተመልካቹም ቅርፊቱ ቅርፊት መሆኑ አልጠፋውም። ይኸው ሕዝብ በዲሴምበር 1954 ዓ.ም. እነዚሁ ኒልና ካርቲየር የጆርጅ ኦርዌልን «1984» በቴሌቪዥን ባቀረቡ ጊዜ፣ ነገሩ እስከ ፓርላማ ደርሶ ክርክር እስኪያስነሣ ድረስ፣ በደብዳቤና በስልክ የተቃወመውን ተቃውሞ የደገፈውን ደግፎ ነበርና፣ ማየትን እንደ ሥራ የሚቈጥር፣ ላየውም ነገር መልስ የሚሰጥ ሕዝብ ነበር እንጂ የዋህ አልነበረም።

ድህነት ደግሞ እጅን ከማሰሩም ሌላ መንገድን ያሳያል። አዘጋጁ ፋብሪካውን በስቱዲዮ ለማሠራት ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ የውጪውን ክፍል በኤሴክስ አውራጃ በነበረው በሼል ሄቨን የነዳጅ ማጣሪያ ሄደው አስቀረጹት፤ የፊልሙ ኩባንያ ሐመርም በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ሄደ። በዚያ ስፍራ የታዩት ጠመዝማዛ ቧንቧዎች፣ ክብ ጋኖች፣ ያለ ሰው የሚጤሱ ማማዎች በማንም ሠዓሊ አሳብ የተፈጠሩ አልነበሩም፤ በባቡር የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት ያያቸው የነበሩ የዘመኑ እውነተኛ ሕንፃዎች ነበሩ። የሠራተኞቹን ሰፈር ለመቅረጽም ፊልሙ በዚያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ወደነበረችው ወደ ሄሜል ሄምፕስቴድ አዲስ ከተማ ሄደ፤ ያላለቁትን ቤቶችና ጭቃውን መንገድ እንዳሉ ወሰዳቸው። ታላላቆቹን ጉልላቶች ብቻ ሌስ ቦዊ የተባሉ ሠዓሊ በሥዕል ጨመሩበት። ገንዘብ ያለው ሰው የባዕድን ዓለም ለማሳየት የባዕድ ዓለም ያሠራል፤ ተመልካቹም ከአዳራሹ ሲወጣ ያንን ዓለም እዚያው ጥሎት ይወጣል። ገንዘብ የሌላቸው እነዚህ ሰዎች ግን ያለውን ዓለም ጠቁመው ባዕድ ነው አሉት፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው የሚሄደው ተመልካችም ያየውን ነገር በጭስ ማውጫው፣ በሽቦው፣ በዘበኛው ቤት ላይ ደግሞ አገኘው። ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚቈይ የማስመሰያ ጥበብ አላውቅም።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ከሣቁ በኋላ፣ ፊልሙ ወደ መካከሉ ሲደርስ፣ አንድ የፓርላማ አባል በጋኑ ውስጥ ያለውን «ምግብ» በዓይኔ አያለሁ ብለው ገብተው፣ ሰውነታቸው እንደ ሬንጅ በጠቆረና በሚያቃጥል ነገር ተለብጦ፣ በጋኑ ደረጃ ላይ እየተንገዳገዱ ሲወርዱ፣ ትልቁ ልጅ የያዘውን ቈሎ መልሶ ወደ ሳህኑ አኖረ። ከዚያም ሠራተኞቹ በመጨረሻ ዐይናቸው ተከፍቶ ወደ ፋብሪካው ገብተው፣ ፍጡሩን የሚገድለውን አየር ወደ ጉልላቱ በሚነፋው ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ዘግተው ሲቀመጡ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚመጣው የተረጋጋ ድምፅ እንነጋገር፣ ውጡና እዩ፣ ምንም የሚያስፈራ የለም እያለ ይለምናቸዋል። ከመካከላቸው ጥቂቶች አምነው ይወጣሉ። ጥቂት ቈይቶ አየር ማስተላለፊያው ቧንቧ ይደፈናል፤ ምን እንደ ደፈነው የሚያስረዳ አንድም ሥዕል አይታይም፤ ከቧንቧው መጋጠሚያ የሚንጠባጠበው ደም ብቻ ይታያል፤ በክፍሉ ውስጥ የቀሩትም ሰዎች ቀና ብለው ያዩታል። ይህን ለመሥራት ቧንቧና ጥቂት ፈሳሽ ብቻ በቂ ነበር። ከልጆቹ አንዱም አልሣቀም። እኅታቸው፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረችው፣ «የወጡት እኮ ጥሩ ነገር የተነገራቸው መስሏቸው ነው» አለች።

የወደድኩትን ሥራ ስለ ወደድኩት ብቻ ነውሩን ልሸፍንለት አልሻም። የቴሌቪዥኑ ድራማ እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ በምድር ላይ ሲሄድ እግሩ የጸና ነበር፤ በስድስተኛው ክፍል ፕሮፌሰሩን በሮኬት አሳፍሮ ፍጡሮቹ ወደመጡበት የጠፈር አለት ሲወስዳቸው ግን፣ ደራሲው የተመልካቹን ድርሻ ለራሳቸው ለመውሰድ ሞከሩ፤ የማይታየውን ለማሳየት ቃጡ፤ ያን ጊዜ የጠፈር ልብሱ ልብስ፣ አለቱም ሸራ ሆኖ ታየ። ፊልሙም ይህን ስሕተት ደገመው። የፕሮፌሰሩን የመጨረሻ ጕዞ በጥበብ ተወው፤ ሆኖም ጉልላቶቹ ሲፈነዱ እንደ ተራራ የሚነሡትን ክምር ፍጡራን ማሳየት አልነበረበትም፤ በመስኮት አጨንቁሮ ከተመለከተው ሰው ፊት ላይ ያነበብነው ድንጋጤ ይበቃን ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ዶንሌቪ የተጫወቱት ፕሮፌሰርም ደራሲውን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያስቈጣቸው ኖሯል፤ ኒል የፈጠሯቸው ኳተርማስ ባደረጉት ነገር ኅሊናቸው የሚከሳቸው ሳይንቲስት ሲሆኑ፣ ዶንሌቪ ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ እየጮኹ ያዝዛሉ። ደራሲው ቢቈጡ እፈርድላቸዋለሁ። ነገር ግን በተመልካችነቴ አንድ ነገር ልመስክር፤ ኅሊናቸው የሚያመነታውን ሰው በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ሆኖም በተዘጋ በር ፊት ቆሞ የሚጮኽ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ያስፈልጋል።

ሐመር ለዚህ ፊልም ያወጣው 92,000 ፓውንድ ያህል ነው፤ ከመጀመሪያው ድራማ ለሠራው ፊልም ያወጣው 42,000 ነበርና ለኩባንያው ከፍ ያለ ገንዘብ ነው፤ በሆሊውድ ሚዛን ግን የድሃ ምሳ ነው። ዳይሬክተሩ ቫል ጌስት፣ ልብ ወለድ መሆኑን ሳይሆን በዜና መቅረጫ ካሜራ የተያዘ እውነት መሆኑን ለማስመሰል፣ ሰዎቹን በሩጫቸው መካከል፣ ንግግራቸውንም እርስ በርሱ ተደራርቦ ቀረጹት። የፊልም ሳንሱር ከዐሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉ እንዳያዩት የሚከለክለውን የኤክስ ምልክት ሰጠው፤ በየአዳራሹም ከብሪጂት ባርዶ ፊልም ጋር በአንድ ትኬት ታየ፤ በአሜሪካ «ከጠፈር የመጣ ጠላት» በሚል ስም ተሸጠ። ነገር ግን ይኸው ኩባንያ በዚያው ዓመት ያወጣው ባለቀለሙ «የፍራንከንስታይን እርግማን» እጅግ የበለጠ ገንዘብ አስገባለትና፣ ሐመር ፊቱን ወደ ደምና ወደ ቤተ መንግሥት መለሰ። የቀለሙ ደም ከቧንቧው ደም ይልቅ ብዙ ትኬት አሸጠ፤ ይህን እውነት መደበቅ አያስፈልግም። ተመልካች ሁል ጊዜ ትክክል ነው የሚል ክርክር እያቀረብኩ አይደለም፤ ለተመልካቹ ሥራ የሚተውለት ትዕይንትና ምንም የማይተውለት ትዕይንት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም እላለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ ራሳችን ተመልካች ዝም ብል የጽሑፌን ግማሽ መተው ይሆንብኛል። በአገራችን በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ሲታዩ፣ የሐኪሙ ነጭ ካፖርት ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው መዋሱን፣ ያንዱ ባለጸጋ ሳሎን የሌላውም ባለጸጋ ሳሎን መሆኑን ቈጥሮ የሚሥቅ ብዙ ነው፤ ያ ሳሎን ውስጥ ምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች ደካሞች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ድካማቸው ግን ከካፖርቱ አይደለም፤ ከተመልካቹ ኑሮ የወጣ፣ ተመልካቹ በማግሥቱ መንገድ ላይ የሚያገኘው አንድ ድንጋይ ስለሌላቸው ነው። ካፖርቱን ስንሥቅበት፣ የፊልም ሠሪው ጥፋት ካፖርት አለመግዛቱ እየመሰለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካፖርት ገዝቶ ባዶውን ታሪክ ይዞልን ይመጣል። ይህን ስሕተት የምናስተምረው እኛ ተመልካቾቹ ነን። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአዳራሽ ተቀምጬ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ዓመት የደከሙበትን ሥራ በሣቅ አቋርጬ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያዝናል ልቤ።

ከመጀመሪያው የ1953 ድራማ ስድስት ክፍሎች ዛሬ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን፣ ቀጥታ ስርጭቱ በሚተላለፍበት ጊዜ የፊልም ካሜራ ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ተደቅኖ ስለ ተቀረጸ፣ ስድስቱም ክፍሎች በሙሉ ተርፈዋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ የሲኒማ ቤት አዘጋጆች፣ ከዓመቱ ምሽቶች አንዱን ለዚህ ሥራ እንዲሰጡልኝ በዚህ ጋዜጣ ላይ በግልጽ እለምናለሁ፤ በስልክ መስተዋት ላይ ሳይሆን በጨለማ አዳራሽ፣ ከፊቱ ይቅርታ የሚጠይቅ መግቢያ ሳይነገርለት፣ አማርኛው ከሥር ተጽፎለት። ድንጋዩ ሲታይ ሰው ይሥቅ ይሆናል፤ ይሣቅ። እኔ ትኬቴን ከሁሉ ኋላ ካለው ወንበር እገዛለሁ፤ የድምፅ ማጉያው ሰዎቹን መለመን ጀምሮ፣ ጥቂቶቹ ተነሥተው ወደ በሩ ሲሄዱ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ጭንቅላት እንዴት እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።